የቀይ ማሊያው ሰባት ቁጥር

ልጅ ሳለሁ ጠላታችን በየቀኑ ከሰዓት በኋላ እኛው ሜዳ ላይ ይሮጥ ነበር። ቀይ ማሊያ ይለብሳል፤ ጀርባው ላይ በነጭ ፕላስተር ሰባት ቁጥር ተለጥፎበታል። የኛ ልጆች ሰማያዊ ናቸው። ቀይ የሃርላን ኮሌጅ ቀለም መሆኑን፣ ሰባት ቁጥር ደግሞ ባለፈው ዓመት በገዛ ሜዳው አዋርዶ የሸኘን የሃርላን ኳርተርባክ መሆኑን በእኛ ከተማ ጡት ያልጣለ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ስለዚህ ማንንም መጠየቅ አላስፈለገኝም። ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ሁለተኛ ክፍል የደረሰ ሰው ደግሞ ብዙ አይጠይቅም።

አባቴ ቨርል ሆስቴትለር የኮሌጃችን ቡድን አሰልጣኝ ነበር። ካንሳስ ውስጥ፣ ከስንዴ ማሳና ከእህል ጎተራ በቀር ዓይን የሚያርፍበት ነገር በሌለበት ከተማ የኮሌጅ ኳስ አሰልጣኝ መሆን ከከንቲባም ከፓስተርም ይበልጣል፤ እስኪሸነፉ ድረስ። ገበያ ስንወጣ ሰው ሁሉ «ኮች!» እያለ ኮፍያውን ያነሳለታል። «ዘንድሮስ ያንን ሰባት ቁጥር ምን ልታደርገው ነው?» ይለዋል። አባቴ ጉሮሮውን ይጠርግና «አንድ ነገር አስበናል» ይላል።

በአሜሪካ ፉትቦል ኳርተርባክ የሚባለው ኳሱን በእጁ ተቀብሎ ለጓደኞቹ የሚወረውረው ነው። ደህና ሰው ከሆነ ቆሞ ይወረውራል፤ ቆሞ ይያዛል፤ ተከላካዮቹ ይከመሩበታል፤ ነገሩ ያልቃል። የሃርላኑ ልጅ ግን ደህና ሰው አልነበረም። ሊይዙት ሲመጡ ኳሱን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ እግሬ አውጪኝ ይላል። ቀኝ ሲጠብቁት በግራ፣ ግራውን ሲዘጉት በመሀል ያልፋል። አባቴ ይህንን እንደ ግል ስድብ ነበር የወሰደው። እራት ላይ በሹካው ሳህኑ ውስጥ መስመር እያሰመረ፣ ድንቹን በሥጋው እያሳደደ፣ ሲያስብ ያመሻል። ድንቹን ሁልጊዜ ይይዘዋል።

እኔ ከትምህርት ቤት መልስ ሜዳው ዳር ያለው የውሃ በርሜል ላይ ቁጭ ብዬ ልምምዱን አያለሁ። ጠላት ለምን በየቀኑ እንደሚመጣ በራሴ ደርሼበታለሁ፤ አባቴ ማርኮት ነው። የማረከው ደግሞ በፊሽካው ነው። ሰባት ቁጥር ኳሱን ይዞ ይነሳል፤ አንዱን ትልቅ ሰማያዊ በወገቡ ሸወድ አድርጎ ያልፈዋል፤ ሌላው እግሩ ተጠላልፎ ይወድቃል፤ ሦስተኛው እጁን ይዘረጋል። በዚህ ጊዜ አባቴ ጉንጩን ነፍቶ «ፊ-ር-ር!» ያደርጋል። ጠላት ባለበት ቀጥ ይላል። ኳሱን መሬት ላይ አስቀምጦ፣ አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል። አንጀቴ ቅቤ ይጠጣ ነበር።

አሁን ሳስበው ነገሩ ሌላ ነው። ቀዩ ማሊያ የሃርላን አልነበረም። የትም ኮሌጅ በልምምድ ላይ ኳርተርባኩ እንዳይሰበር «ይህን ልጅ አትምቱት» ለማለት የሚለበስ ነው። ልጁም የኛው ተማሪ ነበር፤ ሊዮን ፔቲግሩ ይባላል፤ ከዊቺታ የመጣ። ሥራው ከጨዋታው በፊት የተጋጣሚውን ሰው እያስመሰለ መሮጥ ነው፤ የኛ ተከላካዮች በእሱ ላይ ይለማመዳሉ። ስለማይመታ ደግሞ የነካው ሰው እንደያዘው ይቆጠራል፤ አሰልጣኙም ፊሽካ ይነፋል። ይህ ሁሉ ደህና ነው። ችግሩ ሊዮን ከመጠን በላይ ማስመሰሉ ነበር። ሊነካው የሚችል አልተገኘም።

መጀመሪያ ላይ «ነካ» ማለት በሁለት እጅ ወገቡን ማቀፍ ነበር። ማንም አላቀፈውም። ከዚያ በአንድ እጅ ትከሻውን መንካት ሆነ። ይህም አልተቻለም። ተከላካዮቹ ላብ በላብ ሆነው ተስፋ ሲቆርጡ አባቴ ልባቸው እንዳይሰበር በማለት ፊሽካውን ቀደም ማድረግ ጀመረ። ማሊያውን የነካ ያዘው፤ ቀጥሎ በክንድ ርቀት የደረሰ ያዘው፤ በመጨረሻ ወደ እሱ አቅጣጫ በቁም ነገር ያየ ሁሉ ያዘው ተባለ። «ጎበዝ! ያዝከው! አለቀለት!» ይላል አባቴ። ሊዮን ቆሞ ሁለት እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ሰማይ ሰማይ ያያል። እኔ ሲጸልይ ይመስለኝ ነበር።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሚስተር ሃገማን ደጃችን ላይ ቆሞ ጠበቀን። ሚስተር ሃገማን የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው ብዬ አምን ነበር፤ ምክንያቱም ስሙ መኪናችን በር ላይ በትልቁ ተጽፏል፦ «ሃገማን መኪና፣ እንደ ቤተሰብ!» እንደ እውነቱ መኪና ነጋዴና የኮሌጁ ቦርድ ሰብሳቢ ነበር። መኪናዋን ያዋሰን እሱ ነው፤ በየከተማው አሰልጣኝ የሚነዳው እንዲህ ያለ ውሰት ነው። ልጁ ቶድ ደግሞ የቡድናችን ኳርተርባክ ነበር። ቶድ ረጅምና መልከ መልካም ነው። ቆሞ መወርወር ይችላል። ቆሞ መውደቅም ይችላል።

«ቨርል» አለ ሚስተር ሃገማን፣ የመኪናዋን ኮፈን እንደ ፈረስ ጀርባ እየደባበሰ። «አምና ያ ልጅ በላያችን ላይ ሮጠብን።»

«ዘንድሮ አይሮጥም፣ ጌታዬ። አንድ ነገር አስበናል።»

«እሰየው። ከሮጠ ግን ብዙ አናወራም። ቁልፉን ወንበሩ ላይ ተወውና አንተ በእግርህ ሂድ።»

አባቴ ሳቀ። ሚስተር ሃገማን አልሳቀም። እናቴ አርዲስ የጸሎት መጽሐፏን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። እኔ አጎቴ የመኪና ቁልፍ አጠቃቀም እያስተማረን መሰለኝ፤ ቤት እንደገባን «እማዬ፣ ቁልፍ ወንበር ላይ ከተተወ ሌባ አይወስደውም?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ይወስደዋል» አለች እናቴ። «ቤቱንም ይወስደዋል።» ቤቱ የኮሌጁ ነበር።

ሐሙስ ሐሙስ እናቴ ቤተሰባቸው የራቀባቸውን ተጫዋቾች እራት ትጋብዛለች። ከጨዋታው በፊት በነበረው ሐሙስ በሩ ተንኳኳ፤ ከፈትኩ። ሸሚዙን ተኩሶ፣ ፀጉሩን አበጥሮ የቆመው ሰባት ቁጥር ነበር።

«አባዬ!» ብዬ ጮህኩ። «ጠላት መጣ!»

«አስገቢው፣ ይበርደዋል» አለች እናቴ ከወጥ ቤት።

አጠገቤ አስቀመጡት። የምርመራ ሥራ ለእኔ እንደተተወ ገባኝ።

«ስምህ ማነው?»

«ሊዮን።»

«እውነተኛውን።»

«ሰባት ቁጥር» አለና ሳቁን ዋጠ።

«ማን ነው የላከህ?»

ሊዮን ግራና ቀኙን አይቶ ጎንበስ አለልኝ። «ለማንም እንዳትናገሪ። ራሴን ነው የላክሁት።»

ይህንን እንደ ንቀት ቆጠርኩት። እናቴ ዞር ስትል የእሱን ቁራሽ የቼሪ ፓይ ጨው በጨው አደረግኩት። ሊዮን አንዴ ጎረሰ፤ ቆም አለ፤ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። ከዚያ ሳህኑን ጠራርጎ ጨረሰው። «ሚስስ ሆስቴትለር» አለ ዓይኑ እንባ እያቀረረ፣ «እንዲህ ያለ ፓይ በሕይወቴ በልቼ አላውቅም።» እናቴ ደስ ብሏት ደገመችለት።

ከፓዩ በኋላ ሊዮን ናፕኪኑን አጣጠፈ። «ኮች፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቅ።»

«ነገ ፊሽካውን ትንሽ ቢያዘገዩትስ? ልጆቹ እጃቸውን ዘርግተው መቆም ለምደዋል። የሃርላኑ ልጅ አይቆምላቸውም። አንዴ ብቻ ሳይነፉ ይተዉኝና የት እንደምደርስ ይዩ።»

አባቴን አየሁት። ጠላት ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ የኛን ቼሪ ከበላ በኋላ፣ ፊሽካው እንዳይነፋ ይለምናል! አባቴ ግን ሞኝ አልነበረም።

«ሊዮን» አለ፣ «ያንተ ሥራ መሮጥ ነው። ፊሽካው የኔ ሥራ ነው። የልጆቹን ሞራል አትንካብኝ።»

«እሺ፣ ኮች።»

ጠረጴዛው ስር አባቴን በእግሬ ነካ አደረግኩት፤ ኩራቴን እንዲያውቅልኝ ነው። እናቴ ሳህኖቹን ስታነሳ ከወትሮው በላይ አንኳኳቻቸው።

የቅዳሜው ጨዋታ ላይ ከተማው ሁሉ ነበረ። በቆሎና ቋሊማ ይሸታል፤ የሙዚቃ ጓዱ ከበሮ ሆዴ ውስጥ ይመታል። እኔና እናቴ ከኛ ልጆች ወንበር ጀርባ ተቀመጥን። ሃርላን በቀይ ገባ። ሰባት ቁጥር ኳሱን ተቀበለ፤ ወረወረ ሲባል አልወረወረም፤ ሮጠ። ከኛ ተከላካዮች አንዱ፣ ቢግ ዱዌይን የሚባለው፣ ደረሰበት። ደርሶበትም በሥርዓት እጁን ዘረጋና ማሊያውን ነካ። ከዚያ ቆመ። ሌላውም ነክቶ ቆመ። ሦስት ትልልቅ ወንዶች እጃቸውን ዘርግተው፣ አንድ ነገር እንደሚጠብቁ ሆነው ቀሩ። ሰባት ቁጥር እስከ መጨረሻው መስመር ሄዶ ነጥብ አስቆጠረና ኳሱን ለዳኛው ሰጠ።

የአባቴን አንገት አየሁ። ፊሽካው የለም! ቤት፣ ከፍሪጁ አጠገብ ያለው ሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ ነው የቀረው።

«እማዬ! አባዬ ፊሽካውን ረስቶታል! ሮጬ ላምጣለት?»

«አልረሳውም፣ የኔ ልጅ። ዛሬ አይሠራለትም።»

ሰባት ቁጥር እንደገና ሮጠ። በእረፍት ሰዓት አካባቢ ነገሩ ያለቀለት ነበር። በእኛ በኩል ቶድ ሃገማን ቆሞ ይወረውራል፤ ቆሞ ይወድቃል፤ ሚስተር ሃገማን ከላይ ሆኖ ዳኛውን ይሰድባል። ያኔ ነው ወንበሩ ጫፍ ላይ አንድ የማውቀው ፊት ያየሁት። ሰማያዊ ለብሷል፤ ቁጥሩም ሌላ ነው፤ ማሊያው እጥፋቱ እንኳ አልተፈታም። ግን እሱ ነው፤ ፓዬን የበላው። ወደ ሜዳው አየሁ፤ እዚያም ሰባት ቁጥር አለ። እዚህም አለ። የሜዳውን አሯሯጥ ልብ ብዬ ተመለከትኩ። በየቀኑ በርሜል ላይ ተቀምጬ ካየሁት ያንሳል። ዘወር ሲል ይዘገያል።

«እማዬ» አልኩ፣ «የሚሮጠው የውሸቱ ነው። እውነተኛው ሰባት ቁጥር እኛ ወንበር ላይ ተቀምጧል።»

እናቴ ወደ ወንበሩ ጫፍ አየች። «ለአባትሽ ንገሪው» አለች።

መኪና ውስጥ ነገርኩት። አባቴ ሬዲዮ ከፈተ። ሬዲዮውም የሚያወራው ስለ ሰባት ቁጥር ነበር፤ ዘጋው።

በማግስቱ ሚስተር ሃገማን መጣና ወጥ ቤታችን ተቀመጠ። እናቴ እንድወጣ በዓይኗ ጠቀሰችኝ፤ እኔ ግን ከበሩ ጀርባ አለፍ አላልኩም።

«ቦርዱ ሊያባርርህ ነበር፣ ቨርል» አለ። «እኔ ነኝ ያዳንኩህ።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

«ቶድ ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል። አዲስ አሰልጣኝ ቢመጣ አዲስ ሐሳብ ይዞ ነው የሚመጣው። እኔ አዲስ ሐሳብ አልወድም።»

«እኔ ምንም አዲስ ሐሳብ የለኝም» አለ አባቴ።

እውነቱን ነበር። ተጨባበጡ። መኪናዋ ከደጃችን ሳትነቃነቅ ቀረች፤ አጎቴ እንዴት ደግ ሰው ነው አልኩ በልቤ።

ከዚያ ሳምንት ሳይሞላ ሊዮን መጣ። አሁንም እኔ ነኝ የከፈትኩለት። አልገባም አለ፤ ከአባቴ ጋር በረንዳ ላይ ቆሙ። ቀዩን ማሊያ አጣጥፎ ይዞታል፤ ፕላስተሩ ተነቅሏል።

«ኮች፣ ዊቺታ እያለሁ ኳርተርባክ ነበርኩ። ሲያመጡኝም እንደዚያ ብለው ነው ያመጡኝ። አንዴ ብቻ ይሞክሩኝ።»

«ሊዮን፣ አንተ ፈጣን ልጅ ነህ። ኳስ መቀበል ነው የሚሻልህ። ኳርተርባክ… ብዙ ማሰብ አለው።»

«ቶድ ብዙ ያስባል?»

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «ለቡድኑ ትልቅ ሥራ እየሠራህ ነው። ያንን ልጅ እንዳንተ አድርጎ የሚያስመስል በአገሩ የለም።»

«እሱን ካስመሰልኩ፣ ኮች…» ብሎ ጀመረና ተወው። ማሊያውን አባቴ እጅ ላይ አስቀመጠ። ለእኔ እጁን አውለበለበልኝና ሄደ።

በዚያ ዘመን በእኛ በኩል ጥቁር ልጅ መሮጥ እንጂ ቡድን መምራት አይችልም የሚል እምነት ነበር። ማንም ጮክ ብሎ አይለውም፤ ሰው ሁሉ ግን እንደ ምግብ ሰዓቱ ያውቀዋል። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ውሻ ሲታመም የሚያለቅስ ሰው ነው። ግን ያንን እምነትና ያቺን መኪና አንድ ላይ ነበር የሚነዳቸው፤ ይህን ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ያን ቀን ግን እኔ በረንዳ ላይ እየዘለልኩ ነበር። ጠላት ልብሱን አውልቆ እጁን ሰጠ! ለጎረቤት ልጆች ሁሉ ነገርኳቸው።

አራተኛ ክፍል ሆኜ ሃርላን እንደገና ወደ እኛ ሜዳ መጣ። ቶድ የመጨረሻ ዓመቱ ነበር። ሚስተር ሃገማን ጠዋት አባቴን ጠርቶ የልጁን ስንብት እንዳያበላሽበት፣ ካበላሸ ቁልፉን በእጁ እንደሚቀበለው ነገረው፤ እኔም አሁን ስለ ቁልፉ ከድሮው የተሻለ ገብቶኝ ነበር። እናቴ ቁርስ አልበላችም።

ሃርላኖች ገቡ። አዲሱ ሰባት ቁጥር ሄልሜቱን አውልቆ ወደ ተመልካቹ ዞረ። ሊዮን ፔቲግሩ ነበር። ሰባቱ በፕላስተር የተለጠፈ አልነበረም፤ የተሰፋ ነበር።

ከተማው አፉን ከፍቶ ቀረ። ከዚያ ጉድ ፈላ፦ «ከሃዲ! ያበላህን እጅ ነካሽ!» ይሉታል ስሙን እንኳ አንድ ቀን ያልጠየቁት ሰዎች። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ያልተገረምኩ እኔ ብቻ ነበርኩ። ስንት ዓመት ሙሉ ስናገር የሰማኝ ማን አለ?

ስለ ጨዋታው ብዙ መናገር አያስፈልግም። የኛ ልጆች እነዚያው የአባቴ ልጆች ናቸው፤ በዚያው ፊሽካ ያደጉ። እየደረሱበት እጃቸውን ይዘረጋሉ፤ ነክተውት ይቆማሉ። ሊዮን መጀመሪያ ዞር ብሎ ያያቸው ነበር፤ በኋላ ማየቱንም ተወው። አባቴ ሜዳው ዳር ቆሞ፣ አፉን አሞጥሙጦ፣ ጉንጩን ነፍቶ አየሁት። የሚነፋው ነገር አልነበረም።

ሲያልቅ ሊዮን ሕዝቡን ሰንጥቆ ወደ እናቴ መጣ። አቀፈችው። በሕዝብ ፊት ማንም ያላደረገውን ነው ያደረገችው። ወደ እኔ ጎንበስ አለና «ዛሬስ ጨው አልያዝሽም?» አለኝ።

«የነሱ እንደሆንክ ከመጀመሪያው አውቄያለሁ» አልኩት።

ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ ትንሽ ቆየና ጠፋ። «ከኔ በፊት ነው ያወቅሽው» አለ።

ሚስተር ሃገማን መኪናችን አጠገብ እጁን ዘርግቶ ቆሟል። አባቴ ቁልፉን ከቀለበቱ ማውጣት አቅቶት ብዙ ታገለ፤ እናቴ ተቀብላ አወጣችለት። ስሙ የተጻፈባት መኪና ሄደች። እኛ በጎተራው በኩል በእግራችን ተነሳን። ኮፍያቸውን ያነሱ የነበሩት ሰዎች በየመኪናቸው እያለፉን፣ ቀና ብለው መንገዱን ብቻ ያዩ ነበር። አባቴ በኪሱ አንዳች ነገር ይነካካል፤ ፊሽካው ነበር።

ዝም ማለት አልቻልኩም። «ነግሬህ ነበር እኮ፣ አባዬ። ጠላት መጣ ብዬህ ነበር። መጀመሪያውኑ የነሱ ነው።»

አባቴ ቆመ። እናቴም ቆመች።

«አይደለም፣ ጆሊን» አለ። «የኛ ነበር።»

ከዚያ ሁሉ ነገር በኋላ፣ በዓይኑ በብረቱ አይቶ እንኳ፣ አሁንም አልገባውም። ምስኪን አባቴ! ክፉኛ አዘንኩለት፤ እጁን ያዝኩና ወደ ቤት ወሰድኩት።